ጃለኔ ወለተ ሰቦቃ የመጫኛውን መመሪያ ያቀናችበት ዜና

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በወርኀ ኅዳር፣ ጃለኔ ወለተ ሰቦቃ በመቱ ከተማ በጫካ ማር አምራቾች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ለሒሳብ ሥራ በተሾመች በሦስተኛው ዓመት፣ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» እያለ በሚያጨበጭብበት በዚያ ዘመን፣ የሆነው ነገር ይህ ነው፤ እኛም ያየነውን ጻፍን፣ ያላየነውንም ካዩት ጠይቀን ጻፍን።

በዚያ ወር የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዋጅ ለጠፈ። ቃሉም እንዲህ የሚል ነበር፦ «በጎሬም በቡሬም በያዮም ያላችሁ የቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኞች ሁሉ፣ ስሙ! ከታኅሣሥ አንድ ቀን ጀምሮ በወረቀት መዝገብ የሚሠራ አይኑር። በኢንተርኔት በነፃ የሚገኘውን፣ የውስጥ አሠራሩም ለሁሉ ክፍት የሆነውን የሒሳብ ሶፍትዌር እያንዳንዳችሁ በየኮምፒውተራችሁ ጫኑ። መመሪያው አምስት መስመር ብቻ ነውና ማንም አልቻልኩም አይበል።»

አምስት መስመር መሆኑስ እውነት ነው። በጎ ፈቃደኞች ወደ አማርኛ የመለሱት መመሪያ ነበር፤ መከራው ሁሉ ግን በመስመሮቹ መካከል ተደብቆ ነበር።

በጎሬ ቅርንጫፍ ሠላሳ ዓመት መዝገብ የያዙ፣ የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ዳዊት የሚነበብ ጋሼ ጭምዴሳ ቀኖ፣ ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስት ጊዜ ድል ተነሡ። በስብሰባም ላይ አንድ ሰው ሳቀባቸው። በማግሥቱ በሚኒባስ ተሳፍረው ወደ መቱ ወረዱና ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ።

«ጃለኔ ልጄ፣ ይህችን ለሥራ አስኪያጁ አድርሺልኝ። በቃኝ፣ ሥራውን ለቅቄአለሁ። እኔ ደንቁሬአለሁ።»

«ጋሼ፣ ማነው ደንቁረዋል ያለዎት?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ! በቀይ ጽፎ ነገረኝ።»

ጃለኔ አፈረች። እሷም ራሷ በዚያው መመሪያ ሁለት ቀን ታግላ፣ የኮሌጅ ጓደኛዋን በስልክ ጠይቃ ነበር ያለፈችው፤ ይህንንም ለማንም ሳትናገር ቀርታ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን አልተቀበለችም።

«ይቀመጡ ጋሼ። መመሪያው የሚልዎትን ብቻ ያድርጉ፣ እኔ አፌን እይዛለሁ። የቆሙበትን ቦታ ሁሉ እጽፋለሁ።»

«መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«የሚሳቅበትስ ይሄ መመሪያ ነው!»

የምትጽፍበት ወረቀት ስትፈልግ ጋሼ ጭምዴሳ ደብዳቤያቸውን ገለበጡት። «ጀርባው ባዶ ነው፤ እዚሁ ጻፊው» አሉ።

የጽሕፈት ቤቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር፣ ጃለኔ ከስልጤ አገር መጥቶ በመቱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ወደ ከፈተው ወደ ሀምዱ ዘመተች። ሰልፉም እንዲህ ነበረ፦ ፊት ፊት ጃለኔ፣ በክንዷም ባትሪው ለግማሽ ሰዓት ብቻ የሚታመን ላፕቶፕ፤ ከኋላዋ ጋሼ ጭምዴሳ ባርኔጣቸውን ደፍተው፤ ከእሳቸውም ኋላ ከጎረቤት ጸጉር አስተካካይ የተዋሱት የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ በአስፋልቱ ላይ እየተጎተተ። ሀምዱም ኢንተርኔት ያለበትን ስልኩን በመስኮቱ ላይ አቁሞ ተቀበላቸው።

ያን ጊዜ ውጊያው ተጀመረ። መመሪያው «የተጠቃሚ ስም አስገባ» ቢል ጋሼ ጭምዴሳ ሙሉ ማዕረጋቸውን ጠብቀው «ኦቦ ጭምዴሳ ቀኖ» ብለው አስገቡ፤ ሶፍትዌሩም አልቀበልም አለ። ጃለኔም ምላሷን ነክሳ እንዲህ ጻፈች፦ «ስሙ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍተት ይጻፍ።» ቀጥሎ «የይለፍ ቃል አስገባ» አለ። ጋሼ ጻፉ፤ ምንም አይታይም። ደግመው ጻፉ፤ ምንም።

«ይህ ኪቦርድ ሞቷል» አሉ።

እሷም፦ «ሲጽፉ በስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ አይደንግጡ፤ ጽፈው ሲጨርሱ ኢንተር ይጫኑ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ከዋናው ምሽግ ደረሱ። «ዳታቤዙን አዘጋጅተህ ቀጥል» ይላል፤ ሌላ አንድ ቃል የለም። ጋሼ ጭምዴሳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«አዘጋጅ ማለት ምንድን ነው? ሠርግ ነው እንዴ?»

ሀምዱ አንጀቱ አልችል ብሎት እጁን ወደ ኪቦርዱ ሲሰድ፣ ጃለኔ ተነሥታ አዋጅ ነገረች፦ «በዚህ ሱቅ ውስጥ ጋሼን የሚረዳ ሁሉ የማኅበሩ ጠላት ነው!» ሀምዱም እጁን ሰበሰበ። እሷም ዳታቤዝ ማለት መዝገቡ የሚከተትበት ጎተራ መሆኑን፣ ጎተራው እንዴት እንደሚከፈት፣ መከፈቱም በምን እንደሚታወቅ በሰባት መስመር አስፍታ ጻፈች።

ውጊያው ሁለት ቀን ፈጀ፤ መብራትም አራት ጊዜ ከዳ። የመሰናክሉ ቍጥር አሥራ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ጭምዴሳ አዲሱን መመሪያ ይዘው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሀምዱ ደንበኛ መጥቶበት የድሉን ሰዓት ሳያይ ቀረ። ከቀትር በፊት የሒሳቡ ገጽ ነጭ ሆኖ ተከፈተ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። በኋላም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለካ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም» አሉ።

ጃለኔም መመሪያውን በአፋን ኦሮሞ ደግማ ጻፈችው፤ ሀምዱ አተመው፤ በሚኒባስም ወደ ቡሬና ወደ ያዮ ተላከ። የአማርኛውንም እርማት በሩቅ አገር ሆነው ሶፍትዌሩን ለሚያድሱት ሰዎች በኢንተርኔት ሰደደችላቸው። በዘጠነኛው ቀን መልሳቸው መጣ፦ «ተቀብለናል፤ የድሮውንም አንሥተናል። በአራሚዎች ዝርዝር የምናሰፍረውን ስም ላኩልን።»

ጃለኔ ከራሷ ስም አስቀድማ የጋሼ ጭምዴሳን ጻፈች።

«እሳቸው ደግሞ ምን ሠሩና?» አለ ሀምዱ።

«አሥራ አንዱንም ስሕተት የሠሩልን እሳቸው ናቸው። እኔ ብቻዬን ብሆን አንዱንም አልጽፈውም ነበር።»

እንግዲህ ግንብ ያስገነቡ፣ አገር ያስገበሩ በሌላ መጽሐፍ ይመስገኑ። እኛ ግን ጃለኔ ወለተ ሰቦቃን እናመሰግናለን፤ እሷ ያለፈችበትን እሾህ ለኋለኛው መንገደኛ ነቅላለችና። የጎሬውን ሊቀ መዝገብ ጋሼ ጭምዴሳንም ከእሷ አብልጠን እናመሰግናለን፤ አምስት መስመሩ ያልገባው ሰው ሁሉ ገብቶኛል እያለ ዝም ባለበት ዘመን፣ እሳቸው ብቻ «አልገባኝም» ለማለት ደፍረዋልና።