ድንጋዮቹ ስብሰባ የተቀመጡ ዕለት

(ደብረ ታቦር፣ 1976 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ረፋድ። ቦኖ ውሃው ዘንድ ከቧንቧው አፍ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ የወረፋ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ባለቤቶቹ የሉም። ስልሳ ዓመት ያለፈው የቦኖው ጠባቂ ጌጡ የእንግሊዝ ቁልፍ ይዞ ቆሟል። የቀበሌው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ዘውዱ፣ ካኪ የለበሰ ጎልማሳ፣ ከሁሉ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ያገላብጣል።)

ጌጡ፦ ከወይዘሮ እቴነሽ ላይ ተነስ ብዬሃለሁ።

ዘውዱ፦ አያ ጌጡ፣ ድንጋይ እኮ ነው።

ጌጡ፦ ድንጋይ የነበረችው እቤቷ ሳለች ነው። እዚህ ወረፋ ከያዘች እቴነሽ ናት።

ዘውዱ፦ የተሰበረ ወፍጮ ነው የምልዎት።

ጌጡ፦ የእቴነሽስ ወገብ ቢሆን ደህና መሰለህ? ተነስላት።

ዘውዱ፦ (ሳይነሳ) ለዚህ ነው ንቃተ ኅሊና ያስፈልጋል የምንለው። ግዑዝ ነገርን እንደ ሰው መቁጠር ኋላ ቀርነት ነው። አሁን ይልቅ ሕዝቡን ይጥሩልኝ፤ አስቸኳይ ስብሰባ አለ።

ጌጡ፦ የቱን ሕዝብ?

ዘውዱ፦ ውሃ የሚቀዳውን ነዋ።

ጌጡ፦ የለም።

ዘውዱ፦ የት ሄደ?

ጌጡ፦ አንተ የሰደድከው ቦታ። ጠዋት ጥሩምባ አስነፍተህ፣ የልማት ዘመቻ ነው ብለህ፣ ሁሉንም ወደ ጋፋት መንገድ ድንጋይ ለቀማ ነዳሃቸው። እነሱም ወረፋቸውን በድንጋይ ይዘው ሄዱ።

ዘውዱ፦ እሱ ሌላ አጀንዳ ነው።

ጌጡ፦ አጀንዳው ሌላ ይሁን፤ ሰዎቹ ግን እነዚያው ናቸው።

ዘውዱ፦ መቼ ይመለሳሉ?

ጌጡ፦ ድንጋዩ ሲያልቅ። የእኛ አገር ድንጋይ ሲያልቅ አይተህ ታውቃለህ?

ዘውዱ፦ ጉድ ሆንኩ። ከላይ መመሪያ መጥቷል፣ አያ ጌጡ። ታሪካዊ መመሪያ።

ጌጡ፦ ውሃ ይመጣል ይላል?

ዘውዱ፦ ከውሃ የሚበልጥ ነገር ነው የሚለው። እስከ ዛሬ በውሃው የሚያዘው መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነበር። ከእንግዲህ ግን ተጠቃሚው ተወካይ መርጦ ይቆጣጠራል። ቦኖው ስንት ሰዓት ይከፈት፣ የትኛው ቧንቧ ይዘጋ፣ አቤቱታ ለማን ይቅረብ፣ ወሳኙ ተጠቃሚው ነው።

ጌጡ፦ ተጠቃሚ ማለት ማን ነው?

ዘውዱ፦ (ያነባል) «ተጠቃሚ ማለት ከቦኖው ውሃ ለመቅዳት ወረፋ የያዘ ማለት ነው።»

ጌጡ፦ ሸጋ ተጽፏል። የተወሰነውን ደግሞ ማን ይፈጽመዋል?

ዘውዱ፦ «ውሳኔው ቃለ ጉባኤው ላይ ማኅተም ከተመታበት ሰዓት ጀምሮ ይጸናል፤ አስፈጻሚው የቦኖው ጠባቂ ነው።» እርስዎ ማለት ነው።

ጌጡ፦ እኔ?

ዘውዱ፦ ለስሙ ያህል ነው፤ አይጨነቁ።

ጌጡ፦ ኧረ አልተጨነቅሁም።

ዘውዱ፦ የጨነቀውስ እኔን ነው። ከሰማንያው አባወራ ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ስብሰባው አይጸድቅም። ቃለ ጉባኤውን በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ጎንደር ካልላክሁ ደግሞ ከቀበሌዎች ሁሉ መጨረሻ እንወጣለን። መጨረሻ የወጣ ኃላፊ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃሉ።

ጌጡ፦ እኔማ ምን አውቃለሁ። ጠዋት ስቆጥራቸው ስልሳ ሦስት ነበሩ።

ዘውዱ፦ ምኖቹ?

ጌጡ፦ እነዚህ። እቴነሽ አለች፣ ሙላቴ አለች፣ ሩቅያ አለች፣ ያያሌው ሚስት አለች...

ዘውዱ፦ (ድንገት ይነሳል) ቆይ፣ ቆይ። መመሪያው «ወረፋ የያዘ» ነው የሚለው። «በእግሩ የቆመ» ይላል?

ጌጡ፦ አላነበብክልኝም።

ዘውዱ፦ አይልም። ድንጋዩ ወረፋ ይዟል?

ጌጡ፦ ይዟል።

ዘውዱ፦ በቃ፣ ተገኝቷል።

ጌጡ፦ ቅድም ግዑዝ ነው አላልከኝም?

ዘውዱ፦ ቅድም ሌላ፣ አሁን ሌላ። በዲያሌክቲክስ ካዩት ነገር ሁሉ ይለዋወጣል።

ጌጡ፦ ሰዎቹ ድንጋይ ለቀማ ሄዱ፣ ድንጋዮቹ ስብሰባ ተቀመጡ። እሽ። ከላይ ያሉት ቢያውቁብህስ?

ዘውዱ፦ ከላይ የሚታየው ቁጥሩ ነው። ደግሞስ ሰዎቹ ራሳቸው አዳራሽ ቢገቡ ከዚህ የተለየ ምን ይናገራሉ?

ጌጡ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ሳል እንኳ ግራ ቀኝ አይተን ነው የምንስል።

ዘውዱ፦ (ይጽፋል) «አንደኛ፣ ወረፋው ላይ ድንጋዩን ያስቀመጠ ሁሉ እንደተገኘ ይቆጠራል፤ ድንጋይ የሌለው አልተገኘም። ሁለተኛ፣ ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል።»

ጌጡ፦ ድንጋይ የሌለው አልተገኘም። እሱ ላይ አስምርበት።

ዘውዱ፦ (ያሰምራል) ቀጥሎ «የተጠቃሚው አስተያየት» ይላል። ባዶ መተው ክልክል ነው። እስቲ ሁለት አስተያየት ይንገሩኝ።

ጌጡ፦ እኔ ምን አስተያየት አለኝ።

ዘውዱ፦ ወረፋው ላይ የሚሰሙትን ይበሉኝ።

ጌጡ፦ ወረፋው ላይማ የምሰማው እርግማን ነው። ቦኖው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ለሁለት ሰዓት ይከፈታል። ሃያኛው እንስራ ላይ ቀጥ ይላል። ልጄ አልማዝ አራስ ናት፤ ድንጋይዋ አርባ አንደኛ ላይ ነው። ትናንት የሕፃኑን ጨርቅ የምታጥብበት አጥታ ስታለቅስ ደረስሁ። የቦኖው ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ። አባት መሆኔን ጠላሁት።

ዘውዱ፦ (እየጻፈ) «ቦኖው... በየቀኑ... ከጠዋት እስከ ማታ... ይከፈት።» በጣም ያምራል። አስተያየት ደግሞ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ሁለተኛውስ?

ጌጡ፦ ባሕር ዛፎቹ ሥር ከዋናው መስመር ላይ የተቀጠለች ቧንቧ አለች። ውሃው ሁሉ ወደሷ ነው የሚሮጠው።

ዘውዱ፦ (ብዕሩን ያነሳል) ወዴት ትሄዳለች?

ጌጡ፦ አጥር ገብታ ትጠፋለች። የማን አጥር እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ዘውዱ፦ እሷ ለሥራ ጉዳይ የተቀጠለች ናት።

ጌጡ፦ ጎመን መደብ ስታጠጣ አይቻት ነው።

ዘውዱ፦ ጎመንም ሥራ ነው። ግዴለም፣ ስም ሳንጠራ በአጠቃላይ እናስቀምጠዋለን። (ይጽፋል) «የሰፊውን ሕዝብ ጥቅም የሚፃረሩ የተቀጠሉ ቧንቧዎች በሙሉ ይዘጉ።» እንዲህ ሲባል ከላይ ይወደዳል።

ጌጡ፦ ለሥራ ጉዳይ የተቀጠለውን አይመለከትም ብለህ አትጽፍም?

ዘውዱ፦ ሁሉ ነገር አይጻፍም፣ አያ ጌጡ።

ጌጡ፦ እንግዲያው ይስማሙ እንደሆን ጠይቃቸው። ካልጠየቅህ እኔ ምስክር ነኝ ብዬ አልፈርምም።

ዘውዱ፦ (እየሳቀ ወደ ድንጋዮቹ ዞሮ) የምትቃወሙ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።

(ዝምታ። አንድ ቁራ ይጮሃል።)

ጌጡ፦ እሱ ድንጋይ የለውም፤ አትቁጠረው።

ዘውዱ፦ በሙሉ ድምፅ አልፏል። እንዲህ ያለ ጨዋ ስብሰባ መርቼ አላውቅም። አሁን የቀረው ተወካይ መምረጥ ነው። እኔን ይጠቁሙ።

ጌጡ፦ ጠቁሜሃለሁ። ድንጋይህ የቱ ነው?

ዘውዱ፦ የምን ድንጋይ?

ጌጡ፦ አንደኛ ብለህ ያሰመርክበት። ድንጋይ የሌለው አልተገኘም አላልክም? ያልተገኘ ሰው እንዴት ይመረጣል?

ዘውዱ፦ እኔ ምን አገባኝና ወረፋ እይዛለሁ? ቤቴ ውሃ አለ።

ጌጡ፦ እኔስ ሌላ ምን አልኩ። ተጠቃሚ ማለት ወረፋ የያዘ ነው ብለህ ያነበብክልኝ አንተ ነህ።

ዘውዱ፦ በቃ አንደኛውን እንሰርዘው።

ጌጡ፦ ሰርዘው። ስልሳ ሦስቱም አብረው ይሰረዙልሃል።

(ከሩቅ የአውቶቡስ ክላክስ ይሰማል።)

ዘውዱ፦ ሌላ ቅጽ የለኝም እኮ። ይሁን፣ ስም ብቻ ነው። ማንን ልጻፍ?

ጌጡ፦ ፊት የመጣችውን ጻፍ። የተቀመጥክባትን።

ዘውዱ፦ እቴነሽን? መሠረተ ትምህርት እንኳ አልጨረሰችም።

ጌጡ፦ ጠይቃት፤ ዝም ካለች ተስማምታለች።

ዘውዱ፦ (ይጽፋል፣ ማኅተሙን ይመታል) በኋላ አስተካክለዋለሁ። አይከፋዎትና አያ ጌጡ፣ ነገር ቶሎ አይገባዎትም። ለሥራው ግን ጠቅመውኛል።

ጌጡ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ።

(ዘውዱ እየሮጠ ይወጣል። ጌጡ ባሕር ዛፎቹ ሥር ይንበረከካል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘውዱ ላቡን እየጠረገ ሲመለስ ቦኖው ተከፍቶ ውሃው ይንፎለፎላል።)

ዘውዱ፦ ላክሁት። ቀዳሚ ቀበሌ ነን። (ያያል) አያ ጌጡ፣ እዚያ ምን ያደርጋሉ?

ጌጡ፦ (ቁልፉን እያጠበቀ) አስፈጻሚ ነህ አላልከኝም? እያስፈጸምኩ ነው።

ዘውዱ፦ ያ የኔ ቧንቧ ነው።

ጌጡ፦ የሰፊውን ሕዝብ ጥቅም የሚፃረር ነው። ቃሉን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ እኔ ልጥራው ብል እንኳ ምላሴ አይታዘዘኝም።

ዘውዱ፦ ማን አዝዞዎት ነው?

ጌጡ፦ ተወካይዋ።

ዘውዱ፦ ተወካይዋ ድንጋይ ናት።

ጌጡ፦ ወደ ጎንደር የሄደው ወረቀት ላይ ወይዘሮ እቴነሽ ናት። ድንጋይ ናት ካልክ መኪናውን ተከትለህ ሩጥና፣ ድንጋይ ሰብስቤ ነው ማኅተም የመታሁት በላቸው።

ዘውዱ፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) ሕዝቡ ሲመለስ ምን ይልዎታል? ድንጋይ መረጡልን አይልም?

ጌጡ፦ ይላል፤ ደስም ይለዋል። እስከ ዛሬ የመረጥናቸው ሁሉ በተመረጡ ማግስት ከወረፋው ወጥተዋል። ይህቺ የትም አትሄድም።

(ከዘውዱ ግቢ «ውሃው ቆመ እኮ» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል። ዘውዱ አጥሩን ያያል፣ ውሃውን ያያል። ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ያነሳል፤ ግራ ቀኝ ተመልክቶ ሄዶ ከወረፋው መጨረሻ ያስቀምጠዋል።)

ጌጡ፦ ስልሳ አራተኛ ነህ።

(ዘውዱ አይመልስም።)

ጌጡ፦ ዝም አልክ፤ እንግዲህ ተስማምተሃል።