ዘጠነኛው ደረጃ

[እንግሊዝ አገር፣ የሌዲ ዊኒፍሬድ ርስት፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ። እንጉዳይ በመሰሉ ድንጋዮች ላይ የቆመ አሮጌ የእንጨት ጎተራ። የርስቱ የቅርስ ኃላፊ ክሪስፒን ወረቀት፣ ሁለገብ ሠራተኛው ዊልፍ ባዶ ጆንያ ይዘው ደረጃው ሥር ይጨቃጨቃሉ።]

ክሪስፒን፦ ዘጠኝ ነው! ካላመንክ ቁጠር!

ዊልፍ፦ ስምንት ነበር ነው ያልኩት ጌታዬ።

ክሪስፒን፦ ጎዶሎ ነበር በላ! ደግሞ ደረጃ ልንቆጥር አልመጣንም። የዘር ስንዴውን አይጥ ጠራርጎ በልቶታል፤ እመቤቲቱም አሁን ይደርሳሉ። ጠዋት በአንተ እጅ የላክሁላቸው ደብዳቤ ግልባጩ ይኸው፦ «አይጦቹ ጎተራው ውስጥ እንዲገቡ ያደረገው ሰው ዛሬውኑ ከሥራ ይባረር፤ የሚኖርበትንም የርስቱን ቤት ይልቀቅ።» ፈርሜበታለሁ።

ዊልፍ፦ ስም የለውም እኮ።

ክሪስፒን፦ ጨዋ ሰው ስም አይጠራም። የጎተራው ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ዊልፍ፦ እኔ ጋ።

ክሪስፒን፦ ጎሽ፣ ገባህ ማለት ነው።

ዊልፍ፦ ኧረ በፈጠረዎት! እናቴ የተወለደችባት ቤት ናት። ጎተራውን ሠላሳ ዓመት ስጠብቅ አንዲት አይጥ ዝር ብላ አታውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሊሆንብኝ ነው?

ክሪስፒን፦ ክፉ ሰው አይደለህም፤ ያልተማርክ ነህ እንጂ። እስቲ እነዚህ ባለባርኔጣ ድንጋዮች ለምንድን ናቸው?

ዊልፍ፦ አይጥ ወጥታ ወጥታ ባርኔጣው ጋ ስትደርስ በጀርባዋ እንድትወድቅ።

ክሪስፒን፦ [እየሳቀ] ጌጥ ናቸው ሞኙ፣ ጌጥ! ለዚህ ነው ሐረግ ያለበስኳቸው።

ዊልፍ፦ እኔ ደግሞ ባለፈው ቅጠሉ ጭራ አውጥቶ ሳይ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሐረግ ነው ብዬ ነበር።

ክሪስፒን፦ ከጣሪያው ሥር ያለው ክብ ቀዳዳስ?

ዊልፍ፦ አይጥ አዳኟ ጉጉት የምትገባበት በር ነዋ።

ክሪስፒን፦ ጉጉት ደግሞ በር ምን ያደርግላታል! የጨረቃ መስኮት ነው። ጥሩ መስታወት አስገጥሜለታለሁ።

ዊልፍ፦ አዎ፣ በመንቁሯ ስታንኳኳ፣ እንግዳ መጣ ብዬ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ።

ክሪስፒን፦ ደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍልስ?

ዊልፍ፦ ቢስኪት የሚባለው ውሻዬ መኝታ፤ አይጥ ይጠብቅበት ነበር።

ክሪስፒን፦ ስድብ ነው ይሄ! የጥንት ገበሬዎች የጸሎት ቤት ናት። ውሻውን አባርሬ ሻማ ያኖርኩባት ለዚህ ነው።

ዊልፍ፦ ሻማውንም አይጦቹ በሉት ጌታዬ። ቢስኪት ግን ምድጃ ሥር ተጋድሞ ወፍሯል።

ክሪስፒን፦ ዋናው ሥራዬ ግን ይሄ ደረጃ ነው! ከበሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ያልቅ ነበር። ሰነፉ የመጀመሪያ ግንበኛ ለምሳው ሲል ጥሎት ሄደ፤ አራት መቶ ዓመት ማንም ሳያስተውለው! ግድግዳው ላይ ያስለጠፍኩትን ሰሌዳ አንብብ።

ዊልፍ፦ [በጣቱ እየተከተለ] «የጎደለው ዘጠነኛ ደረጃ በክሪስፒን ፔሊንግ ተሟላ። ማርች ሦስት ቀን።» ውይ፣ በነሐስ! አያቴ ግን ያ ክፍተት ሰው የሚራመደው፣ አይጥ የማትዘለው ነው ይሉ ነበር።

ክሪስፒን፦ አያትህ የሕንጻ ባለሙያ ነበሩ?

ዊልፍ፦ ኧረ እሳቸውስ ጎተራ ጠባቂ ነበሩ።

ክሪስፒን፦ እንግዲያው ዝም በል! ይልቅ የመጀመሪያዋን አይጥ ያየኸው መቼ ነው?

ዊልፍ፦ ማርች አራት።

[አንዲት ወፍራም አይጥ ከመካከላቸው ወጥታ፣ ደረጃውን አንድ ባንድ ትወጣለች። ዘጠነኛው ላይ አረፍ ብላ ጢሟን ጠርጋ ትገባለች።]

ክሪስፒን፦ [ላቡን እየጠረገ] ዊልፍ... ወንድሜ... እመቤቲቱ ደብዳቤውን አንብበውታል?

ዊልፍ፦ ቁርስ ላይ፣ ሁለት ጊዜ። «ለመሆኑ ሰውዬው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ክሪስፒን፦ አንተስ... ምን አልካቸው?

ዊልፍ፦ እኔ ያልተማርኩ ሰው ምን እላለሁ ጌታዬ? ጨዋ ሰው ስም አይጠራም፤ «ጎተራው ላይ በነሐስ ተጽፏል፣ መነጽርዎን ይዘው ይምጡ» አልኳቸው።