የእትዬ ገና-ነው ጉንጭ

ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ "ገና ነው" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት ውስጥ ማማሰያ ይዞ ድስቱ ላይ የሚቆመውና ማንንም የማያስቀምሰው እሱ ነው። መንገድ ዳር መብራቱ አረንጓዴ በርቶ እያለ እጅጌህን ይዞ ወደ ኋላ የሚጎትትህ እሱ ነው። ቢሮ ውስጥ አለቃው የፈረመበትን ደብዳቤ "አንዴ ደግሜ ልየው" ብሎ ሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ የሚያሳድረውም ያው እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ዓለም ያሰበችበት ቶሎ ትደርስ ነበር እላለሁ። በምን ሁኔታ እንደምትደርስ ግን ለመገመት አልደፍርም።

ለኛ የሸክላ ሥራ ቤት የደረሱን የእነዚህ ሁሉ የበላይ ናቸው፤ ክብርት እትዬ ገና-ነው፣ የእቶኑ ዘበኛ፣ የእርጥበት ጉዳይ ሚኒስትር። ስማቸው ይህ አይደለም። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ግን ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ሥራ ቤታችን ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ፣ ድሮ መኪና ያድርበት የነበረ ክፍል ነው። አሥራ አንድ ሆነን እንጋራዋለን። ጭቃው የሚሽከረከርበት ሁለት መዘውር፣ በየሳምንቱ የሚደፈን አንድ መታጠቢያ፣ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ የሚያክል የኤሌክትሪክ እቶን አለን። እኔ እዚያ የገባሁት በሐኪም ትእዛዝ ነው። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስጽፍ፣ አዘጋጁም በየሳምንቱ "የት ደረሰ?" እያለ ሲያዋክበኝ ደም ግፊቴ አሻቀበ። ሐኪሙ "እጅህን የማይቸኩል ነገር አስይዘው" አለኝ። ጭቃ ያዝኩ። ከ"የት ደረሰ?" አመለጥኩ ብዬ "ገና ነው" እጅ ላይ ወደቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸክላ ዕቃ እቶን ከመግባቱ በፊት እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት። በገላው ውስጥ ውሃ ከቀረ፣ እሳቱ ሲበረታ ውሃው እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ደግሞ ብቻውን አይሞትም፤ ጎረቤቶቹን ይዞ ነው። መድረቁን ዓይን አይለየውም። እጅም አያውቀው፤ የሸክላ ሠሪ እጅ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የሚያውቀው ጉንጭ ነው። እርጥበት ያለው ዕቃ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል። እትዬ ገና-ነው እያንዳንዱን ዕቃ አንስተው ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ያስደግፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሩቅ አገር ካለ ዘመድ ጋር በስልክ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ይፈርዳሉ።

"ገና ነው።"

እኒህ ሴት ይህን ቃል ለሸክላ ብቻ ቢያውሉት ምን ነበረበት! ሻይ ሲፈላ "ገና ነው"። ዝናቡ አባርቶ ልንወጣ ስንል "ገና ነው"። አብራን የምትሠራው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ አንድ ሰው ለጋብቻ እንደጠየቃት ስትነግራቸው "ስንት ጊዜ ታውቂዋለሽ?" አሏት። "ሁለት ዓመት።" "ገና ነው። እስቲ አምጪውና ልየው።" ሰውየው ጉንጫቸው ላይ እንዳያስደግፉት ፈርቶ ይሁን አላውቅም፣ እስከ ዛሬ ብቅ አላለም። የገዛ ሽርጣቸው የአንገት ቁልፍ ከወደቀ ስንት ዘመኑ፤ በቁራጭ ሽቦ ነው የሚይዙት። ሲስተር "ኧረ ቁልፍ ልትከልበት" ስትላቸው "ገና ነው፣ የሚሆነው አልተገኘም" ይላሉ።

ስንቸኩል የሚያወጧት ተረት ደግሞ አንዲት ነች፦ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" ጡረታ የወጡት ዳኛ ይህን በሰሙ ቁጥር "እትዬ፣ እንቁላሉ እኮ ሄዶ ሄዶ አርጅቷል" ይሏቸዋል። ዳኛው እንዲህ ቢማረሩ አይፈረድባቸውም። አራት ዓመት ሙሉ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሲሠሩ ክዳኑ ገጥሞላቸው አያውቅም። ምንም ላይ የማይገጥሙ አሥራ ሦስት ክዳኖች መደርደሪያቸው ላይ ተሰልፈው ይኖራሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ረስተነው የሄድነውን ዕቃ በላስቲክ ሸፍነው እንዳይሰነጠቅ የሚያድኑልን እሳቸው ናቸው። ጠዋት ስንመጣ ትናንት ጠርዙ ላይ የነበረ ስንጥቅ ተዳብሶ ጠፍቶ እናገኘዋለን። ማን እንደዳበሰው ጠይቀን አናውቅም፤ እሳቸውም ነግረውን አያውቁም።

ካለፉት ስድስት ወራት ወዲህ ግን ነገሩ ባሰ። እንደ ቅጠል የሳሳች የማንኪያ ማስቀመጫ እንኳ ሦስት ሳምንት "ገና ነው" ተባለባት። ዳኛው "ይግባኝ የማይባልበት ችሎት" እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። እኛም ቀስ በቀስ የእትዬን ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ለመድን።

በዚህ መሀል የእናቴ ነገር መጣ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሥራ ካቆመች ቆይታለች፤ የልብስ ቁልፎቿን ግን አልጣለችም። በዛገ ጣሳ ሞልታ ይዛቸዋለች። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ደረጃ አይችልም። ስለዚህ ሌላ ከተማ ያለችው እህቴ ዘንድ ሄዳ ልትኖር ሆነ። ይህ ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ሆኜ መውሰድ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ዕቃዋን ስታስር "ለቁልፎቼ አንድ ባለክዳን ማሰሮ ብትሠራልኝ፣ ጣሳው እጄን እያቆሸሸው ነው" አለችኝ። መሄጃዋ ቅዳሜ ነው። ቤት ልሰጣት ያልቻልኩ ሰው ማሰሮ ላላደርስላት ነው? ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሠራሁላት። ውሃ እንዳያሳልፍ የሚቀባው ቅብም አላስፈለገው፤ የልብስ ቁልፍ ውሃ አይጠጣ። ሰኞ ለማክሰኞ እቶን የሚገቡት ዕቃዎች ሲለዩ እትዬ ማሰሮዬን ጉንጫቸው ላይ አስደገፉና "ገና ነው" አሉ። የቅዳሜን ነገር ነገርኳቸው። "የኔ ልጅ፣ ጭቃ ቅዳሜን አያውቅም" አሉኝ።

ማክሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራቸው አልመጡም። እኔ ማሰሮውን አንስቼ የራሴ ጉንጭ ላይ አስደገፍኩት። ደርቋል አለኝ። እንዲለኝ የፈለግሁትን ነዋ ያለኝ! የሲስተርን ጎድጓዳ ሳህኖች ትንሽ ገፋ አድርጌ የእቶኑ መሀል መደርደሪያ ላይ ሸጎጥኩት። ዳኛው ሳያዩ በሩን ዘግተው ማብሪያውን ተጫኑ። ከሰዓት በኋላ ከእቶኑ በኩል "ድው!" የሚል ድምፅ መጣ። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ ቀና አሉና "የጎረቤት በር ነው" አሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከእቶኑ አላነሳሁም።

እቶኑ ሲከፈት ሁላችንም እንሰበሰባለን። ሐሙስ ጠዋት በሩ ተከፈተ። የሲስተር ስድስት ሳህኖች ደቀዋል። የዳኛው አሥራ አራተኛ ማንቆርቆሪያ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ክዳኑ የገጠመለት የመጀመሪያው፣ አፍንጫው ብቻ ተርፏል። ወንጀለኛውን ለማግኘት ምርመራ አላስፈለገም። ከፍርስራሹ መሀል ጡብ የሚያክል የማሰሮ መቀመጫ ተገኘ፤ ከአሥራ አንዳችን እንዲህ ያለ መቀመጫ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እትዬ ገና ነው እያሉኝ አስገባሁት።"

ተንበርክኬ ስብርባሪ መልቀም ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ድሮ ሰው ለመምከር እጠቀምበት ነበር። እትዬ ደረቅ ጭቃ የያዘ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። "አላልኩህም?" እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ቢሉኝ ይገባኛል፤ እንደውም በቀለለኝ። አላሉኝም።

"አላልኩህም ልልህ አልችልም" አሉ። "እኔም አላውቅም ነበር።"

"ምኑን?" አለች ሲስተር።

"እርጥብ መሆኑን። ቀኝ ጉንጬ ከደነዘዘ ስድስት ወሩ። ይቀዝቅዝ ይሙቅ አይነግረኝም። ሐኪም ቤት የምመላለሰው ለሱ ነው።"

"ግራውስ?" አሉ ዳኛው።

"ግራው ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ፈት ነበር። ምን ያውቃል?"

ማንም አልሳቀም።

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?" አልኳቸው ከመሬት ላይ ሆኜ።

"ብነግራችሁ ለምን ትፈልጉኛላችሁ? እጄ እየተንቀጠቀጠ ከመዘውሩ ከተነሳሁ ሁለት ዓመቴ። የቀረኝ ጉንጬ ነበር።" ሽርጣቸው ላይ ያለችውን ሽቦ ያጣምማሉ። "እንዳላሳስታችሁ ብዬ ደረቁንም እርጥቡንም ገና ነው እያልኩ ቀን ስቆጥር ከረምኩ። ሁሉን ገና ነው የሚልን ሰው ደግሞ ማን ያምነዋል? እኔም ብሆን ራሴን አላምንም ነበር። የዳኛውን ማንቆርቆሪያ የሰበርነው ሁለት ሆነን ነው።"

አንጀቴን በሉት። ስድስት ወር ሙሉ "ደግሞ ጀመሩ" እያልን ስንጠቃቀስባቸው፣ እሳቸው ከዚህ ክፍል እንዳይወጡ ፈርተው ነበር። እኔ የቸኮልኩት እናቴን ስለምሸኝ ነው፤ እሳቸው የዘገዩት እንዳንሸኛቸው ነው።

ሲስተር ጠጋ ብላ አገጫቸውን ይዛ ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዞረች። "ሐኪሙ መድኃኒት አዞልዎታል?"

"አዞልኛል።"

"ጀመሩት?"

እትዬ ዓይናቸውን ወደ እቶኑ አሸሹ።

"እትዬ! ጀመሩት ወይ?"

"ገና ነው" አሉ በቀስታ።

ያኔ ነው ሳቁ የፈነዳው፤ እሳቸውም ጭምር ሳቁ፣ በግራ ጉንጫቸው ብቻ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። መድኃኒቱን ከቦርሳቸው አስወጥታ እዚያው ፊቷ አስዋጠቻቸው። ዳኛው የማንቆርቆሪያቸውን አፍንጫ እንደ መዶሻ ይዘው ጠረጴዛውን መቱ። "ችሎቱ ግራ ቀኙን መርምሯል" አሉ። "የጥፋተኛው ጋዜጠኛ ጉንጭ ለዚህ ቤት ተወርሷል። ከዛሬ ጀምሮ እሱ ያስደግፋል፣ የሚሰማውን ይናገራል፤ ፍርዱ ግን እንደ ድሮው የእትዬ ነው።" ከሲስተር በኩል ስድስት ሳህን እንድተካም ተጨመረብኝ።

ቅዳሜ እናቴን፣ ልትወስዳት ከመጣችው እህቴ ጋር አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። ጣሳውን ጭኗ ላይ አቅፋዋለች። "ማሰሮዬ ደረሰ?" አለችኝ በመስኮቱ። "ገና ነው" አልኳት። "ይሁን፣ ቁልፎቹ እግር የላቸው፣ የት ይሄዳሉ" አለችኝና ጉንጬን በእጇ ነካ አደረገችው።

ሁለተኛውን ማሰሮ ስሠራ እትዬ አጠገቤ ተቀመጡ። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው አውራ ጣቴን ወደ ታች እየተጫኑ "ቤት አይደለም የምትሠራው፤ መሠረቱን አሳሳው" አሉኝ። ከዚያ በየቀኑ ጉንጬ ላይ አስደግፋለሁ፤ እሳቸው ማሰሮውን ትተው የኔን ፊት ያያሉ።

"ምን ይላል?"

"ይቀዘቅዛል፣ እትዬ።"

"ገና ነው።"

ደስ ብሎኝ የጠበቅሁት የሕይወቴ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጉንጬ ዝም አለ። "አይቀዘቅዝም" አልኳቸው። ማሰሮውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይግባ" አሉ። ከእቶኑ ደህና ወጣ። የሠራሁለት ክዳን ግን ሰፍቶ አልገባ አለ። ዳኛው አሥራ ሦስቱን ክዳኖቻቸውን አምጥተው አንድ በአንድ ሞከሩ። ዘጠነኛው ልክክ አለ። አንድ ክዳናቸው በመጨረሻ ቦታ አገኘ ብለው ሰውን ሁሉ ጨበጡ።

እህቴ ቤት ሄጄ ለእናቴ ሰጠኋት። ቁልፎቿን ስታንቆረቁርበት ለምን እንደዘገየ ጠየቀችኝ፤ የእትዬን ጉንጭ፣ ሽቦዋን፣ ሁሉንም አጫወትኳት። ከዚያ እጇን ማሰሮው ውስጥ ከታ ረጅም ጊዜ ፈለገችና ከዛጎል የተሠራ አንድ ነጭ ቁልፍ አወጣች። ከሠርግ ቀሚሷ የተረፈ እንደሆነ አውቃለሁ። "ለዚያች ሴት ስጥልኝ" አለች። "በሽቦ አይኖርም።"

ሰኞ ቁልፉን ለእትዬ ስዘረጋላቸው መልሱን አውቀው ነበር። እሳቸው ግን ተቀብለውኝ ከእጅ ልማድ የተነሳ ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። በግራ በኩል ነበር።

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። "ይቀዘቅዛል" አሉ።

እኔም ሲስተርም ዳኛውም ሥራችንን አቁመን የማትቀረውን ቃል ጠበቅን። እትዬ ሽቦዋን ከአንገታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"መርፌ ያለው ማነው?" አሉ።