ልጄ የወደዳት ጎረቤት

የዚያን ቀን ሐዲዱ አጠገብ የነበርነው እኔ፣ ጎረቤቴ ፋጡማ፣ ጋሪ ነጂው አቶ መኮንንና ልጄ በቀለ ነን። በቀለ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አእምሮው ግን የሕፃን ስለሆነ ጠባቂ ይፈልጋል።

ደግ ጎረቤት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥማኛለች፤ ለጠላቴም አልመኝ! ፋብሪካ ስውል ፋጡማ በቀለን ሳምቡሳ መሸጫዋ ጋ ታውልልኛለች። ጠብቂልኝ አልኳት እንጂ ይውደድሽ መቼ አልኳት?

ባቡሩ ሲያፏጭ በቀለ ወደ ሐዲዱ ሮጠ። ሐረር ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮህኩ፤ ዞሮም አላየኝ። ፋጡማ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ በሶማልኛ «ካሌ!» አለችው፤ ና ማለቷ ነው። መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«አቦ አስካለ፣ አትጩሂበት፣ ይደነግጣል!» አለችኝ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ መካሪዋ እሷ!

«ለመሆኑ እናቱ የትኛችሁ ናችሁ?» ብለው አቶ መኮንን ሳቁ።

ቤት ገብተን በር ዘግቼ እኔም «ካሌ» አልኩት። ተነሥቶ በሩን ከፈተና እሷን ፈለገ።

አሁን ፋጡማ የወለደች እኅቷን ልታርስ ጅቡቲ ሄዳለች። ሰፈሩን ሁሉ ለመንኩ፤ በቀለ ግን ከማንም ጋር አይቀመጥም፤ ባቡር ባፏጨ ቁጥር ያመልጣል። እዚያ ያያት ካለ፣ መቼ እንደምትመለስ እባካችሁ ንገሩኝ።