ዴልበርት ክራውስ አራቱን ራሶች ሊተነብይ የዘመተበት ዓመት

በሃያኛው ዓመተ ትንቢቱ ለዴልበርት ክራውስ፣ ይኸውም ዶሎረስ በምግብ ቤቷ በነገሠች በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ የኢንዲያና በረዶ ቀልጦ የበቆሎው ማሳ ጭቃ በሆነበት ሰሞን የተደረገውን ሁሉ፣ ዓይናችን እንዳየ ጆሯችን እንደሰማ እንጽፋለን፤ ሐሰት ብንጨምር በዚያ ቀን የበላነው ሥጋው ከዳቦው የሚበልጥ የአሳማ ጥብስ ይፍረድብን።

ይህ ዴልበርት ማን ነው ቢሉ፣ የሃርላን ክሪክ ከተማን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሠላሳ ስምንት ዘመን ነድቶ አንድም ሕፃን ያላስረፈደ፣ ጉልበተ ደካማ፣ ልበ ጽኑ፣ የክሌይ ፎርክ ኮሌጅን ፍቅር ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነው።

የአገሩም ሥርዓት እንዲህ ነው። በየመጋቢቱ ስድሳ ስምንት ኮሌጆች ለቅርጫት ኳስ ዋንጫ ይጠራሉ፤ በአራት ሠራዊትም ይከፈላሉ፤ ጨዋታው ሳይጀመርም በየሠራዊቱ ላይ ከሁሉ የበረታው ቡድን አንደኛ ተብሎ ራስ ሆኖ ይሾማል። ሿሚዎቹ ዳኞች በራቸውን ዘግተው ይመክሩና የመከሩትን እሑድ ማምሻውን በቴሌቪዥን ያስነግራሉ። የሃርላን ክሪክ ሰው ግን እስከ እሑድ መታገሥን ማን አስተምሮት። የአራቱን ራሶች ስም እየገመተ በወረቀት ይጽፍና በዶሎረስ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራል፤ አራቱንም በትክክል ያገኘ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለችውን ቀይ ወንበር ለአንድ ዓመት ይወርሳታል። በዚያች ወንበር የዴልበርት አባት ኦገስት ክራውስ፣ ዶሎረስ በነገሠች በአሥራ አንደኛው ዓመት ድል አድርጎ ተቀምጦባት ነበር፤ ዓመቷን ሳይጨርስም ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ ዴልበርት ከዚህ ዓለም ሹመት ሁሉ የሚመኘው እርሷን ብቻ ነበር።

ነገር ግን ሦስቱን ስም በጭንቅላቱ ይጽፍና አራተኛውን ልቡ ይቀማዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አራተኛው ስም ክሌይ ፎርክ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመትም ክሌይ ፎርክ ራስነቱ ቀርቶ ጭራ ለመሆን ሲታገል ይከርም ነበር። በዚህ ምክንያት የምርጥ ዘር በቆሎ ነጋዴው ቨርን ሚኒክ፣ ምላሰ ስለታም፣ የዴልበርት የስድሳ ዓመት ወዳጅና የስድሳ ዓመት ጠላት፣ በምግብ ቤቱ በር ላይ ይህን አዋጅ ለጠፈ።

«የሃርላን ክሪክ ሰዎች ስሙ። ይሄ ቆርቆሮ የትንቢት ነው፤ የፍቅር ደብዳቤ የሚጨመርበት ፖስታ ቤት አይደለም። ሃያ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ከእንግዲህ ወረቀት አይጨምርም። የማንንም ስም አልጠራሁም። ዴልበርት፣ ቅር እንዳይልህ።»

እጅ ወጥቶ አዋጁ ጸደቀ። ዴልበርትም ያነበበውን አንብቦ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ለተከታዮቹ እንዲህ ሲል አስታወቀ። «ዘንድሮ በልቤ አልጽፍም፤ በዓይኔ ነው የምጽፈው። አብሮኝ የሚደክም ወንበሩን ይዞ ጋራዤ ይምጣ።»

ሁለቱ ጡረተኛ ፖስተኞች ወንበራቸውን ተሸክመው፣ ጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን ወልውሎ፣ የሉተራኑ ፓስተር የስብከቱን ዝግጅት ለሚስቱ ትቶ፣ አንድ ጆሮ የሌለው ውሻም ሳይጠራ፣ ተከትለውት ዘመቱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማን ማንን በሰው ሜዳ እንዳሸነፈ፣ ማን በደካማ እንደተዋረደ እያገላበጡ መዘገቡ። ሦስቱ ራሶች ያለ ክርክር ተገኙ፤ አንዱ ከምሥራቅ ጠረፍ፣ አንዱ ከደቡብ፣ አንዱ ከምዕራብ። ለአራተኛው ግን፣ አንባቢ ሆይ ልብ በል፣ ክሌይ ፎርክ በዚያ ዓመት እውነትም በርትቶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አራት ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። ከአራቱ አንዱ ግን በየካቲት፣ በገዛ ሜዳው፣ ከሁሉ መጨረሻ በሆነ ቡድን ነበር፤ ይህንንም ዳኞች ይቅር እንደማይሉ ፖስተኞቹም ሐኪሙም መሰከሩ። ፓስተሩ ስለ ይቅርታ ጥቂት ሊናገር ሞክሮ ተወው።

ዓርብ፣ ቆርቆሮው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ዴልበርት አባቱ የክሌይ ፎርክን ማሊያ ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያም ክሌይ ፎርክ ብሎ የጀመረውን ስም ሰርዞ የሌላ ኮሌጅ ስም ጻፈ። በዚያም ቀን ምሳ አልበላም።

እሑድ ማታ አርባ ሁለት ወረቀት ከቆርቆሮው ወጥቶ በዶሎረስ አንደበት ተነበበ። የዴልበርት ሲነበብና ክሌይ ፎርክ ሲታጣ፣ ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ፤ ቨርን እንኳ ሳይታወቀው ኮፍያውን አወለቀ። ቴሌቪዥኑም መናገር ጀመረ። አንደኛው ራስ ተጠራ፤ ዴልበርት አግኝቶታል። ሁለተኛው ተጠራ፤ አግኝቶታል። ሦስተኛውም ተጠራ፤ አግኝቶታል። ፖስተኞቹ እጅ ለእጅ ተያያዙ።

አራተኛው ራስ ክሌይ ፎርክ ነበር።

ዶሎረስ ወረቀቱን ሁሉ ዳግመኛ አገላበጠች። ከአርባ ሁለቱ አንድም ሰው አልጻፈውም። አገሩ በሙሉ ክሌይ ፎርክን እየወደደ፣ ዴልበርትን መምሰል አፍሮበት ስሙን ሳይጽፍ ትቶት ነበር። ቀይዋ ወንበርም ባለቤት አጣች።

ሽማግሌው በደካማ ጉልበቱ ተነሣ። ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር፤ የደስታ ነው እንዳይሉት እፍረት ነበረበት፣ የኀዘን ነው እንዳይሉት ከንፈሩ ይስቃል። እንዲህም ሲል አወጀ። «እንግዲህ ተሳሳትኩ። ሃያኛዬ ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ደስ እያለኝ ተሳስቼ አላውቅም። አባቴ ግን ዛሬ ምን ይለኛል?» ይህን ብሎ ወደ በሩ አመራ።

ቨርን አዋጁን ከበሩ ላይ ለመቅደድ ቀድሞት ሲሮጥ፣ ዶሎረስ የብስኩቱን ቆርቆሮ በማንኪያ መታች። በሠላሳ አንድ ዓመት ግዛቷ ከተሰሙት ቃሎች የሚበልጠውንም ተናገረች።

«ቨርን፣ ወረቀቱን እዛው ተወው፤ ሕግ ሕግ ነው። ሃያ ጊዜ የተሳሳተ ነው የሚለው አይደል? ይሄ ሰውዬ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቀድሞ ደረሰ እንጂ መቼ ተሳሳተ? የተሳሳተው ዛሬ አንዴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ይቀረዋል። ቁጭ በል ዴልበርት፣ ጥብስህ እየቀዘቀዘ ነው።»

ቨርን እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። ዴልበርትም ተመልሶ ከቀይዋ ወንበር አጠገብ ባለችው፣ አንድ እግሯ በምትወላገደው ወንበር ተቀመጠ፤ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉም የክሌይ ፎርክን መዝሙር ዜማው ሳይቃና ዘመረ። ዴልበርት ወደ ቤቱ ሲገባም የአባቱን ፎቶግራፍ ከግድግዳው መልሶ አዞረው።

በዓመቱ ቆርቆሮው ሲከፈት፣ በዴልበርት ወረቀት ላይ ክሌይ ፎርክ፣ ክሌይ ፎርክ፣ ክሌይ ፎርክ፣ ክሌይ ፎርክ የሚል ተገኘ። አንድ ቡድን የአራት ሠራዊት ራስ ሊሆን እንደማይችል ሕፃን ያውቃል፤ ዶሎረስ ግን ሳትስቅ አነበበችው፤ አንድም ሰው አልሳቀም።

ክብር ይሁን ለዴልበርት ክራውስ፣ ለአውቶቡሱ ጌታ፣ ለጋራዡ ጠቢብ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ደርሶ ለጠበቀው፣ በዘመኑም ሁሉ አንዲት ቀን ብቻ ለረፈደበት።