ድንጋዩ ሰው አለው

ሰልፍ ባለበት ሁሉ አለቃ አለ። ማንም አልሾመው፣ ደሞዝም የለው፣ ግን አለ። ዳቦ ቤት በር ላይ ታገኙታላችሁ፤ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ታገኙታላችሁ፤ ዘይት የመጣ ቀንማ ከሻጩ ቀድሞ ይደርሳል። አንዴ «አንተ ከማን ኋላ ነህ?» ብሎ ካፈጠጠባችሁ የገዛ ስማችሁን ትጠራጠራላችሁ።

የመልካ ጀብዱ መንደሯ ክብርት አደ ሂንዳ ደግሞ የአለቆች አለቃ ናቸው። ለቅሶ ቤት እንኳ እጅ ለመታጠብ የቆመውን ሐዘንተኛ በመልክ በመልኩ ሲያሰልፉ ታይተዋል። ዝናብ ቢመጣ ሰልፉን አይበትኑም፤ ዝናቡን ነው የሚቆጡት። ውሃ ቦኖው ጋ ጄሪካኑ ተደርድሮ ሲያድር ፊት የሚቀመጠው የእሳቸው ድንጋይ ነው፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ሙልሙል ዳቦ የሚያክል። ጎረቤት የቀረ እንደሆነም ድንጋይ ያኖሩለታል። ቦታውን ሊወስድ የሞከረ ሁሉ፣ ሹፌር ይሁን ሹም፣ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ «ድንጋዩ ሰው አለው።»

ከአገሩ ሰው እሳቸውን አብዝቶ የሚሸሸው ጎሚስታው ሰይፈ ሚካኤል ነው። ዓይን አፋር ነው። ትምህርቱን ገና ፊደል ሳይጨርስ ስላቋረጠ፣ ሰው ፊት ወረቀት የሰጡት እንደሆነ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። የአካባቢው የፓርላማ ተወካይ አርፈው የማሟያ ምርጫ ሲጠራ፣ እጁን ይዘው የመራጭ ካርድ ያስወጡት አደ ሂንዳ ናቸው። እሱም በሆዱ ፈልጎት ነበር። ጎርፍ በመጣ ቁጥር መንገዱ ይቆረጣል፤ መኪና ከሌለ ደግሞ ጎማ የሚያስጠግን የለም። መሻገሪያውን አሠራለሁ ካሉት ተወዳዳሪዎች አንዱን አምኖ፣ በልቡ መርጦ ጨርሷል። የቀረው እግሩ ብቻ ነው።

የምርጫው ዕለት እግሩ እምቢ አለ። ፈርም ቢሉኝስ? ከኋላዬ ያለው ቢስቅስ? እንዳለፉት ምርጫዎች ሁሉ ሱቁን ከፍቶ ተጎለተ፤ አንዱን ጎማ ሲነፋና ሲያስተነፍስ ዋለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አደ ሂንዳ በሩ ላይ ቆሙ። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት መጥተው።

«ዋሪያ ሰይፉ፣ ጎማው ይመርጥልሃል?»

መሬት መሬቱን እያየ፣ መጻፍ ስለማይችል እንደሚያፍር ነገራቸው። ነገ ቦኖው ላይ መሳቂያ ያደርጉኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን አውራ ጣታቸውን አፍንጫው ሥር አቆሙለት።

«እኔስ በምን የምፈርም መሰለህ? አብሽር። በል ሩጥ፣ ሊዘጉ ነው። እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»

ሮጠ። የምርጫው ድንኳን ጋ ሲደርስ ከሰልፉ ጅራት ሁለት ድንጋይ ተቀምጧል። ከድንጋዮቹ ፊት የቆመችው ሻይ የምትሸጠው አሚራ ናት።

«የፊተኛው ያንተ ነው» አለችው። «ሲነጋ እኮ አደ ሂንዳ አንደኛ ነበሩ። ሰይፉ ሳይመጣ አልገባም ብለው አገሩን ሁሉ አሳለፉ። ሰው ባለፈ ቁጥር ሁለቱንም ድንጋይ ወደ ኋላ ሲጎትቱ ዋሉ።»

አደ ሂንዳ ሰው አሳለፉ? ዝናብ እንኳ የማያሳልፉት?

ይሄኔ የምርጫ አስተባባሪው ሰልፉን ሊቆርጥ መጣ። ሰዓቱ ሲሞላ ሰልፍ ላይ የተገኘ ይመርጣል፤ ከዚያ ኋላ የመጣ ይመለሳል። ሰውዬው ከሰይፈ ኋላ ቆመና የመጨረሻውን ድንጋይ በጫማው ገፋ አደረገው። መንገዱ ላይ ማንም አይታይም።

የሰይፈ ልብ እንደ ኮምፕሬሰር ይመታ ጀመር። ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያየው ነው።

«ድንጋዩ ሰው አለው» አለ።

«ድንጋይ አይመርጥም ወንድሜ።»

«ድንጋዩ ሰው አለው» አለ ደግሞ፣ አሁን ጎላ አድርጎ።

አሚራ ተቀበለችው። ከአሚራ ፊት ያሉት ሽማግሌ ተቀበሏት። አደ ሂንዳ በየሰልፉ ያመናጨቁት ሁሉ፣ ያ የቂመኛ መዓት፣ ቃሏን እስከ ድንኳኑ በር ተቀባበላት። አስተባባሪው ሰዓቱን አየ። ሳይሞላ ከደረሱ ያስገባቸዋል፤ ከሞላ ግን አይለመንም።

መጀመሪያ ከመታጠፊያው ድምፃቸው መጣ፤ አንዱን ባለባጃጅ መንገድ ዘጋህ እያሉ ነው። ቀጥሎ ሻሻቸው ታየ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ደረሱ። ምስጋና የለ፣ እረፍት የለ፤ ቁልቁል ነው ያዩት።

«ማነው ድንጋዬን ያነቃነቀው?»

አስተባባሪው ራሱ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰው።

ሰይፈ ገባ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ፣ በዚያው ጣት መረጠ፤ የሳቀ የለም። የጎሚስታ እጅ መቼም ጥቁር ነው፤ ማታ ማታ በሳሙና ፈትጎ ያስለቅቀዋል። የዚያን ዕለት ማታ ግን ሲታጠብ አንዷን ጣት ሳይነካት ተወ።