ሁለት ዘበኛ በአንድ በር

ያን ዓርብ ጠዋት ከጣና በኩል የመጣ ጥቁር ደመና ሰማዩን ሞልቶት ነበር። ጠብታ ግን አልወረደም፤ ነፋሱ ብቻ የሱቄን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ሰማይ ሲያይ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ መብራት ይጠፋል። እኔም እሱን እየፈራሁ ሱቄን ከፈትሁ። መብራቱ ቀኑን ሙሉ ዝንፍ አላለም። መፍራት የነበረብኝ ጋሽ ሕዝቅኤልን ነበር።

ይህችን ዓለም ያስቸገሯት አጥፊዎች አይደሉም። አጥፊ ሲመጣ ሰው በሩን ይዘጋል። ያስቸገሯት ደህናውን የሚያሻሽሉ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ በሩን ከፍተን ወንበር እናቀርባለን። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የሚሠራ ነገር ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እጃቸውን ሲሰነዝሩ የሚሏት ቃል አለቻቸው፤ የእኛ ሰፈር ሰው «አንድ ነገር ብቻ» ይላሉ።

ጋሽ ሕዝቅኤል ከአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጡረታ የወጣው ደመወዛቸው ብቻ ነው፤ እጃቸው አልወጣም። ክቡርነታቸው የጎረቤታችንን የወልደ ሐዋርያትን ሬዲዮ ካሻሻሉ ወዲህ ሬዲዮው የሚናገረው የቤቱ በር ሲከፈት ብቻ ነው። ወልደ ሐዋርያት ዜና ሲሰማ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ዘንድ ደግሞ ውለታ አላቸው፤ መካድ አልችልም። የደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ እያመጣ ኮምፒውተሮቼን ሲጨርሳቸው፣ ሊኑክስ የሚባለውን ጫኑልኝ። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ አላየሁም። በምትኩ ጋሽ ሕዝቅኤልን አየሁ። አንድ ጊዜ «ሰዓቱ የእኛን አቆጣጠር ቢከተል ምን ነበረበት? አንድ ነገር ብቻ» ብለው የማሽኑን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሱት። ጠዋት ሦስት ሰዓት የላክሁት ኢሜይል ሌሊት የተላከ እየመሰለ፣ ደንበኞቼ መቼ ነው የምትተኚው እያሉ አዘኑልኝ።

እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁ። ስለዚህ ማሽን ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። ጋሽ ሕዝቅኤልም ይህን ያውቁታል፤ ክፋት የለባቸውም እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ተጠቅመውበታል።

ሐሙስ ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል መጡ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚመጣውን፣ ስምሽን መርጠሽ የይለፍ ቃል አስገቢ የሚለውን ገጽ ቆመው አዩት።

«ይህ ገጽ ሰው አያከብርም፣ ሙሉነሽ» አሉኝ። ግራጫ ነው፣ ቋንቋውም የእኛ አይደለም። ይህን ገጽ የሚያወጣ ፕሮግራም ዘበኛ ማለት እንደሆነ አስረዱኝ፤ ማን እንደመጣ ይጠይቃል፣ ምልክቱን ያያል፣ ያስገባል። የተሻለ ዘበኛ አለ፤ የጣና ሥዕል ይዞ በአማርኛ ሰላም የሚል። እሺም እንቢም ሳልል ሁለቱንም ኮምፒውተሮቼ ላይ ጫኑት። አጥፍተው ሳያበሩ፣ ነገ ስትከፍቺ ታይዋለሽ ብለውኝ ሄዱ።

በነጋታው ከፈትሁ። ያየሁት ጥቁር ነው። በጥቁሩ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። ሁለተኛውን ከፈትሁ፤ እሱም ጥቁር። የሱምያ ወረቀት እዚያ ውስጥ ነበር።

ሱምያ ነርስነት ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ከወረታ የመጡት የጨርቅ ነጋዴ የወይዘሮ አስያ ልጅ ናት። በሁለት ዓመት ውስጥ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምዝገባው የሚያልቀው ያን ዓርብ ስድስት ሰዓት። ስድስት ገጽ ቅጽና ሁለት ገጽ የማመልከቻ ደብዳቤዋን ሁለት ቀን ሙሉ ተይቤ ጨርሼላት፣ አትሞ መስጠት ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ገቡ። ወይዘሮ አስያ ስክሪኑን አይተው፣ መብራት አለ፣ ታዲያ ይህ ለምን ጨለመ ሲሉ ጠየቁ። ለጋሽ ሕዝቅኤል ደውያለሁ፣ እየመጡ ነው አልኋቸው። እሳቸው የሚመጡት ሊሠሩት ነው ወይስ እሳቸው ናቸው የሠሩት አሉኝ። ወንበር አቀረብሁላቸው።

የሰፈራችን ሊቀ ማሽን በባጃጅ ደረሱ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ነቅለው የማያውቁት ብሎን መፍቻ በደረት ኪሳቸው ነው። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው የጥቁሩን ስክሪን ልብ አገኙት፤ ነጭ ጽሑፍ ተግተለተለ። ትንሽ አነበቡና ሳቁ። አዲሱን ሲቀጥሩ አሮጌውን አላሰናበቱም ኖሯል። ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ቆመው እኔ ልክፈት፣ እኔ ልክፈት እየተባባሉ፣ ሰው ውጭ ቀርቷል። አሮጌውን ከሁለቱም ማሽን አሰናበቱ። አጥፍተው አበሩ።

ገጹ መጣ። እውነት ለመናገር ያምራል። ውሃው ላይ ታንኳ፣ ከታንኳው አጠገብ የውሃ ወፉ ይብራ፣ ከላይ «እንኳን ደህና መጡ»፣ ከሥር ስሜ። ወይዘሮ አስያ እንኳ ማሻአላህ አሉ። አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ትክክል አይደለም አለኝ፤ በአማርኛ፣ በጨዋ ደንብ። ደገምሁ። ትክክል አይደለም። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል መታሁት። የምጽፈው እንደ ነጥብ ስለሚታይ ምን እንደጻፍሁ አላይም።

«የይለፍ ቃል መርሳት በማንም ይደርሳል» አሉ ጋሽ ሕዝቅኤል፣ በለሆሳስ።

አራት ዓመት በቀን አሥር ጊዜ የመታሁት ቃል ነው። ግን እንዲህ ሲሉኝ ተጠራጠርሁ። ረስቼ ይሆን? ደክሞኛል፣ ተምታቶብኝ ይሆን? ሁለተኛው ማሽን ላይ ሞከርሁ፤ እሱም ከበር መለሰኝ። ሱምያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። አራት ተኩል። ለአምስት ሩብ ጉዳይ።

«ወላሂ፣ ጋሼ» አሉ ወይዘሮ አስያ፣ «ሱቅ ሳሳምር ደንበኛ ውጭ አስቀርቼ አላውቅም።»

ጋሽ ሕዝቅኤል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ደግመው ጠረጉ።

እኔ ተስፋ ቆርጬ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ መጫን ጀመርሁ። ከስሜ ሥር «ሌላ ተጠቃሚ» የሚል አለ። ተጫንሁት፤ ስም ጻፊ አለኝ። ስም የሚጻፍበት ቦታ ነጥብ የለውም፤ የጻፉት ይታያል። የይለፍ ቃሌን እዚያ መታሁት። የወጣው ፊደላችን ነው። ጣቶቼ እንግሊዝኛውን በትክክል ይመታሉ፤ ማሽኑ በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ጋሽ ሕዝቅኤል ገጹን አማርኛ ሲያደርጉት ኪቦርዱንም አማርኛ አድርገውት፣ አዲሱ ዘበኛ የምለው ሁሉ ባዳ ሆኖበት ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ይዩት» አልሁ።

ጎንበስ ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አላሰቡም። ቀና አሉና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወይዘሮ አስያ ዞረው፣ «ሙሉነሽ ምንም አልረሳችም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያገኘችውም እሷ ናት» አሉ።

ሰው ፊት እንዲህ ያለኝ ሰው አላስታውስም። አስተማሪም ቢሆን።

ወደ ጥቁሩ ስክሪን ተመልሰው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ገባሁ። ስምንቱ ገጽ ታተመ። ሱምያ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ በባጃጅ በረረች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ደውላ፣ ከተመዝጋቢ ሁሉ የመጨረሻዋ ሆና መመዝገቧን ነገረችን። ወይዘሮ አስያ ስልኩን ዘግተው፣ ጋሼ ሆይ፣ ሁለተኛ ማስታወቂያ እስኪወጣ ድረስ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ አሏቸው። ሱምያ አሁን ሥራ ላይ ናት።

ጋሽ ሕዝቅኤል ከዚያ በኋላ ቀሩ። አንድ ሳምንት፣ ከዚያ አሥራ አንድ ቀን። ኮምፒውተሮቼ ጠዋት ስከፍታቸው ይከፈታሉ፣ ማታ ስዘጋቸው ይዘጋሉ። ማንም ምንም አላሻሻለብኝም። እፎይ ማለት የነበረብኝ ሰው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ጀመር። ታመው ይሆን? አፍረው ይሆን? ነጠላዬን አጣፍቼ ቤታቸው ሄድሁ። ኮታቸውን ለብሰው ቁጭ ብለዋል፤ ኪሳቸው ውስጥ ብሎን መፍቻው የለም።

«ፕሪንተሩ አዲስ ድምፅ አምጥቷል፣ ጋሼ» አልኋቸው።

ፕሪንተሩ ደህና ነበር። እንደዚያ ደህና ሆኖም አያውቅም።

«ምን ዓይነት ድምፅ?» አሉኝ፤ ጫማቸውን እየፈለጉ።

አሁን ጋሽ ሕዝቅኤል ሱቄ ውስጥ ናቸው። በመስኮቱ በኩል፣ የፕሪንተሩን ክዳን ከፍተው ተቀምጠዋል።